መንሽ የያዘው አምላክ

የተያዝኩት ሲሬ ላይ ነው፤ አኖ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ። አውቶቡሱ ለቁርስ ቆሞ ሴቶች በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ ያቀብሉን ነበር። ሁለት ፖሊሶች ገቡና ሰው ሁሉ ዕቃውን እንዲያሳይ አዘዙ። ሰው ሁሉ አሉ እንጂ ቀጥ ብለው የመጡት እኔ ጋ ነው። ቦርሳዬን ራሴ ከፈትኩላቸው። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሳሙና፣ የማስተምርበት የሒሳብ መጽሐፍ። አንደኛው ፖሊስ መጽሐፉን ዘቅዝቆ ሲያራግፈው ሥዕሉ ወደቀ።

ከወለሉ አንሥቶ አየውና አማተበ።

«ሦስት ዓይን አለው» አለው ለጓደኛው።

«አንገቱ ላይ ያለውስ እባብ አይደል?»

በቆሎ ሻጯ አንገቷን በመስኮት አስግጋ «ማሎ፣ ኢኒ ማሊ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እሱ ምንድን ነው ማለቷ ነው። መልስ ሳልሰጣት፣ ግማሽ የተበላ በቆሎ በእጄ እንደያዝኩ አወረዱኝ።

ያ ሥዕል እንዴት እጄ እንደገባ ልናገርና ልቀጥል። ጊዜው ንጉሡ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ ነቀምቴ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃው ላይ ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ ሕንዳዊ ነበሩ፤ እኔንም አስተምረውኛል። ከተማው ሁሉ ሚስተር ነበር የሚላቸው፤ እኔም እዚህ ሚስተር እላቸዋለሁ። ከባለቤታቸውና ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር በከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሒሳብ ያስጠኑኛል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ይህ ሥዕል ተሰቅሎ፣ ከሥሩ በትንሽ ሳህን ውሃና አንድ ቅጠል ይቀመጥለታል። ስለ እሱ ስጠይቃቸው ደስ ስለሚላቸው ሒሳቡን ትተን ስንጫወት ይመሻል። በኋላ ሌላ ቅጂ ነበራቸውና ሰጡኝ።

የትምህርት ቤቱ ወረቀት ማባዣ መኪና ያለበት ክፍል ቁልፍ በሚስተር እጅ ነበር። አንድ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ፣ እጄ አጠገብ አስቀመጡና «ነገ አርፍጄ ነው የምመጣው» አሉኝ። ለምን እንደፈለግኩት ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ ተማሪዎች የመጣውን «መሬት ለአራሹ» የሚል ወረቀት በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን አባዛሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተበተነ። ፍለጋው ሲጀመር ክፍሌ እንደሚፈተሽ ገባኝ። ሥዕሉ ከተገኘ ደግሞ ቀጥታ ሚስተር ጋ ያደርሳቸዋል። ምድጃ ውስጥ ልከተው ተንበረከክኩ፤ አልቻልኩም። እኔ በሚሲዮን ቤት ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ለሥዕል አልሰግድም። የሰውን አምላክ በገዛ እጅ እሳት ውስጥ መክተት ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። አክስቴ ቤት ልደብቀው መጽሐፍ ውስጥ ከትቼ ተሳፈርኩ። እንዲህ ያለሁ ብልጥ ነበርኩ።

በፖሊስ ላንድሮቨር ወደ ነቀምቴ መለሱኝ። ማረፊያ ቤቱ ከጣቢያው ጀርባ ያለ ጭቃ ቤት ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ረጅም ሰው አጎንብሶ ነው የሚቆመው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የባልዲውና የረጠበ ጋቢ ሽታ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁለት ሰዎች አየሁ።

«አካም ጅርታ፣ ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ አንደኛው፤ ልጄ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። በአገሩ ወግ ኦቦ እላቸው ነበር። ሁለተኛው የጎጃም ሰው፣ መሪጌታ ናቸው፤ ለገበሬዎች አቤቱታ እየጻፉ ትልቅ ሰው አስቀይመዋል ተብለው ነው የገቡት። ለእኔ ቦታ ለመስጠት ጋቢያቸውን ሰበሰቡና «ቁንጫው ለእንግዳ ነው የሚያደላው፤ አትቀየም» አሉኝ።

መርማሪው ሻምበል ነው፣ የሸዋ ሰው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ይህችን ታህል ልበቀለው። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ፣ ጾም የማይሽር፣ ከጠረጴዛው ላይ ዳዊት የማይለይ ሰው ነበር። ከጀርባው የንጉሡ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የመጀመሪያውን ቀን አልተርከውም። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ፤ ከሌላው ሰው የተለየ ነገር አልደረሰብኝም።

በማግስቱ ሻምበሉ ሥዕሉን ወደ እኔ አዞረው።

«ይሄ ገበሬ ማነው?»

«የቱ ገበሬ?»

«አትቀልድ። ይሄ መንሽ የያዘው።»

ጣቱን ያሳረፈበትን አየሁ። ሚስተር ቤት ባለ ሦስት ጫፍ ጦር የነበረው፣ እዚህ ገበሬ በውድማ ላይ ጭድ የሚያበጥርበት መንሽ ሆኗል። እውነትም ይመስላል፤ አገሩ ሁሉ በመኸር የሚያነሣው እሱኑ ነው። ጦሩ ላይ የታሰረችው ትንሽ ከበሮ ለሻምበሉ የክተት ነጋሪት ናት። የነብር ቆዳውና ጎፈሬው ሽፍትነቱ፣ ራቁትነቱ ድህነቱ፣ እባቡ ተንኮሉ። «መሬት ለአራሹ» የሚሉ ሰዎች የማኅበር ምልክት ነው ብሎ ደምድሞ፣ የቀረው አባላቱን እንድነግረው ብቻ ነበር።

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብኝ። ምልክት ነው ብሎ እንዲያምን ብተወው የሌለ ማኅበር አባላት እስክወልድለት ያስገርፈኛል። ምን እንደሆነ ብነግረው ደግሞ መንገዱ ወደ ሚስተር ነው።

«ገበሬ አይደለም» አልኩ። «አምላክ ነው።»

«የማን አምላክ?»

«የሕንዶች። ሺቫ ይባላል።»

እስክሪብቶውን አነሣ። «ሥራው ምንድን ነው?»

«ሦስት ናቸው ይላሉ። አንዱ ይፈጥራል፤ አንዱ ይጠብቃል። ይሄኛው ያጠፋል።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግኩ።

«ምን ያጠፋል?»

«ዓለምን። ጊዜው ሲደርስ።»

«የማንን ዓለም?»

ከጀርባው ያለውን ፎቶግራፍ ላለማየት ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። «የሁሉንም» አልኩ። «የራሳቸውንም።»

«መቼ?»

«ቀን አልተቆረጠለትም።»

ሻምበሉ ይህንን ጻፈ። ከዚያ «ማን ሰጠህ?» አለኝ።

«አዲስ አበባ፣ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ነው ያገኘሁት።»

ይህንን አልጻፈም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መሪጌታ ጠጋ አሉኝ። ከፖሊሶቹ ሰምተዋል። «ባለ ሦስት ዓይኑን እስቲ አጫውተን» አሉኝ። «ጣዖትም ቢሆን ጨዋታ ነው።» ኦቦ ግድግዳውን ተደግፈው አገዳ ያኝካሉ። ሚስተርን ካልጠራሁ ምን ቸገረኝ ብዬ ጀመርኩ።

በረዶ በማይለየው ተራራ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል አልኳቸው። ገላውን የሚቀባው ሬሳ ከተቃጠለበት የተዘገነ ዐመድ ነው፤ የሁሉም መጨረሻ ይሄው ነው ሲል። ግንባሩ ላይ ያለው ሦስተኛው ዓይን የተከደነ ነው፤ በተከፈተ ዕለት ያየው ሁሉ ይነዳል። የፍቅር አምላክ በአበባ ፍላጻ ወግቶ ከተመስጦው ቢቀሰቅሰው ያን ዓይን ገለጠበትና ዐመድ አደረገው። ከሰማይ የሚወርደው ታላቅ ወንዝ ምድርን ሰንጥቋት እንዳይሄድ ራሱን ደቅኖ ተቀበለው፤ ውሃው ፀጉሩ ውስጥ ሲንከራተት ጉልበቱ ደክሞ በቀስታ ወረደ። ሲጨፍር ዓለም ታልቃለች፤ በዚያው ጭፈራ ደግሞ ሌላዋ ትጀምራለች። ይህን ያህል እያስፈራ ደግሞ ልቡ የዋህ ነው። አንድ ቅጠልና እፍኝ ውሃ ላቀረበለት ሁሉ፣ ጋኔንም ቢሆን፣ የለመነውን ይሰጣል። ሰጥቶም ስንት ጊዜ ጉድ ሆኗል።

«ሦስት መሆናቸው ሥላሴን ሰምተው አጣመው ነው» አሉ መሪጌታ። «የዋህነቱን ግን ወደድኩለት። እኛ አንድ ፊርማ ለማግኘት ስንት ደጅ ነው የጠናነው!»

ኦቦ አገዳውን ተፉ። «የሚፈጥረው እያለ የሚያጠፋውን ለምን ይለምኑታል?»

እኔም በፊት ይህንኑ ጠይቄ ነበርና የተሰጠኝን መልስ ሰጠኋቸው። «የሚፈጥረው ሥራውን ጨርሷል። ጉዳያችን የቀረው ከዚህኛው ጋር ነው ይላሉ።»

«ኤዬ» አሉ ኦቦ፤ ነገሩ ገባቸው።

የመርዙን ታሪክ መጨረሻ ላይ ነበር የነገርኳቸው። አማልክትና አጋንንት የማይሞቱበትን መጠጥ ፈልገው የወተት ባሕር ናጡ። ወተት መናጥ ስል ኦቦ ነቃ አሉ።

«በምን ናጡት?»

«ተራራውን እንደ መናጫ እንጨት ተከሉት፤ ትልቅ እባብ እንደ ገመድ ጠመጠሙበትና ከዚህና ከዚያ እየሳቡ አሽከረከሩት።»

«እኛ በቅል ነው የምንንጠው፣ እየወዘወዝን» አሉ። «ቅቤው ወጣ?»

«ከቅቤው በፊት መርዝ ወጣ። ጢሱ ብቻ ዓለሙን ሊፈጅ ሆነ። ሁሉም ሸሹ። ይሄ ግን በመዳፉ ሰብስቦ ጠጣው። ወደ ሆዱ እንዳይወርድ ሚስቱ አንገቱን ያዘችው፤ እዚያው ቀረ። ለዚህ ነው ጉሮሮው ሰማያዊ የሆነው።»

ኦቦ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ጉሮሮ ሰደዱ። «አልዋጠውም?»

«አልዋጠውም።»

«አልተፋውም?»

«ቢተፋው ዓለም ያልቃላ።»

«እኛ ሆድ ይፍጀው እንላለን» አሉ መሪጌታ። «እሱ ከሆድም አላደረሰው።»

ኦቦ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስጨነቃቸው። «ታዲያ እንዴት ነው የሚተነፍሰው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሚስተርን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻምበሉ አስጠራኝ። ተላጭቶ፣ ፊቱ በርቶ ነበር፤ አንድ መላ የመጣለት ሰው ይመስላል።

«የሚሲዮን ልጅ ነህ አይደል?»

«ነኝ።»

«በወንጌል ማል ብልህ፣ መጽሐፉ አትማሉ ይላል ትለኛለህ።»

«ይላል።»

«አውቃለሁ። ስንቱ በዚህ ሾልኮብኛል።» ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው። «ስለዚህ በዚህኛው ትምላለህ። ይዘኸው የዞርከው አምላክህ ቢሆን ነው። የማባዣው ክፍል ቁልፍ ሚስተር ጋ እንደሆነም አጣርቻለሁ። ‘ሥዕሉንም ቁልፉንም ሚስተር አልሰጠኝም’ ብለህ እጅህን ጭነህ ከማልክ መዝገቡን እዘጋዋለሁ። አንተ ወደ ቤትህ፣ ሰውየውም ወደ ሥራው።»

«ካልማልኩስ?»

«እኔ ዘንድ መሐላ የፈራ አመነ ነው። አንተ ወህኒ ትወርዳለህ። እሱን ከነቤተሰቡ አስወጣዋለሁ፤ ሌላ የማምነው ነገር ካልነገርከኝ በቀር።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ሥርዓቱን የማላውቀውን መሐላ ግን አላስምልም። ይህ አምላክ በሐሰት የማለበትን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ አለብኝ። ነገ የሚያውቅ ሰው ይመጣል።»

የሚመጣው ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው ገባኝ። ነቀምቴ ውስጥ ይህንን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሻምበሉ ሞኝ አልነበረም፤ በመሐላው ከልቡ ያምናል፤ በዚያውም የሁለታችንን ፊት ሊያይ ነው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ መሐላውን ነገርኳቸው። የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ ግን ዋጥኩት።

«ማል እንጂ!» አሉ መሪጌታ። «ወረቀት ነው። በወረቀት መማል እንኳን ኃጢአት፣ ቁም ነገርም አይደለ።»

«ማል፣ ልጄ» አሉ ኦቦም። «ማልና ውጣ።»

እኔም ልምል ቆርጬ ነበር። የማላምንበት አምላክ፣ በማላምንበት መሐላ፣ ለአንድ ደግ ሰው። የትኛውም ሒሳብ ትርፍ ነው ይላል። ነገሩን ለመጨረስ ያህል ኦቦን «እርስዎስ ምለው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የማለብኝ ነው ያለው» አሉ። የባላባቱ ወኪል ድንበራቸውን ገፍቶ፣ ዳኛ ፊት ወንጌል ይዞ፣ መሬቱ የጌታዬ ነው ብሎ ማለ። መሬቱ ሄደ። እሳቸው ደግሞ ወኪሉን በዱላ ብለው ገቡ።

«ታዲያ ምን ሆነ፣ የማለው ሰው?»

«ምን ይሆናል? ሥጋ እየበላ ነው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «መሬቱን እንኳ እረሳው ነበር፣ ያ ኢልማ ኮ። ግን አጠገቡ ቆሜ ሲምል ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ የሱ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ቄሱን አልሰማም፤ እሱን ነው የምሰማው።»

ይህን ያሉት እኔን ለመምከር አልነበረም። ማል ብለውኛል፤ ሐሳባቸውንም አልለወጡም። እኔ ግን ነገሩ አልወርድ አለኝ።

ሚስተር በማግስቱ ጠዋት መጡ። ቡናማ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው፤ ጫማቸው የነቀምቴን ቀይ ጭቃ ለብሷል። መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥዕል ነው። ሻምበሉ ወንበር ሰጣቸው። አስተርጓሚ እኔው ነበርኩ፤ ሻምበሉ ግን ኮሪያ የለመደውን እንግሊዝኛ ስለሚሰማ አንዲት ቃል ማዛባት አልችልም።

«በዚህ አምላክ በሐሰት የሚምልን ሰው ምን ያገኘዋል?» አለ።

ሚስተር ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ልጆቻቸውን እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም የማስበው እነሱን ነበር። ከዚያ ለሻምበሉ ሳይሆን ለእኔ መለሱ።

«ዓይኑን ገልጦ ሊያቃጥለው ይችላል» ብለው ጀመሩ። «ጌታ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ግን ሰውየው የማለው ለሌላ ሰው ነፍስ ብሎ ከሆነ፣ ጥፋቱን አምላኩ ራሱ ተቀብሎ ይይዝለታል። ከዚህ የባሰም መርዝ ይዟል።»

እንዳሉት ተረጎምኩት። አምላካቸውን እየሰጡኝ ነበር፤ በሐሰት ማልበት፣ ግድ የለም እያሉኝ ነበር።

«ሥርዓቱስ?» አለ ሻምበሉ።

«እጅ ይታጠባል። ጫማ ይወልቃል።»

አንድ ፖሊስ ጆግ ይዞ መጣና አስታጠበኝ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እኔ ከተገረፍኩ ወዲህ ጫማ አላደረግኩም። ሻምበሉ ቡትስ ጫማውን እያየ ካመነታ በኋላ ተወው። ሚስተር ግን ማንም ሳያዛቸው ጎንበስ ብለው ክራቸውን ፈቱ። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ እርጥቡ ወለል ላይ ቆሙ። የአንደኛው ካልሲ ተረከዝ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። እኔ በተገረፍኩበት ክፍል፣ በሰው ትእዛዝ፣ ለውሸት በተጠራ አምላክ ፊት እንኳ ጫማቸውን አወለቁለት።

እጄን ወደ ሥዕሉ ዘረጋሁ። ሻምበሉ «በል» አለኝ።

ያን ጊዜ የኦቦ ነገር መጣብኝ። ብምል እፈታለሁ። ሚስተርም ይተርፋሉ። ግን ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ውሃውንና ቅጠሉን ሲያኖሩ የሚሰማቸው የእኔ ድምፅ ነው፤ የእኔ ውሸት። ቤታቸው ገብቼ ከግድግዳው ላይ የሰረቅኳቸው ያህል ተሰማኝ። እጄን መለስኩ።

«አልምልም» አልኩ። «በወንጌልም አልምልም፣ በዚህም አልምልም። ይሄ የሰው አምላክ ነው። ቁልፉን ከጠረጴዛቸው ላይ ሳያዩኝ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ያባዛሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም።»

ቁልፉን በተመለከተ ዋሽቻለሁ። ያለ መሐላ ሲሆን ግን ውሸቱ የራሴ ብቻ ነው፤ ማንንም አላስያዝኩበትም።

ሚስተር ብድግ አሉ። አማርኛው ገብቷቸዋል። «ሻምበል…» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደሆነ አውቄ ቀደምኳቸው።

«ይቀመጡ፣ ሚስተር» አልኩ። «ሴቶቹ ልጆች ለምሳ የሚመለሱበት ሰዓት ደርሷል። ይጠብቁዎታል።»

ቆመው ቀሩ። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ደቂቃ ሰው አሳዝኖኝ አያውቅም።

ሻምበሉ ሁለታችንን አፈራርቆ አየን። ያወቀ ይመስለኛል። ግን ያመነ ሰው እጁ ገብቷል፤ ከውጭ አገር ሰው ጋር መካሰስ ደግሞ አለቆቹ የሚወዱት ነገር አይደለም። «ጻፍ» አለው ፖሊሱን። «አመነ ብለህ ጻፍ።» ሥዕሉን በእጁ ጀርባ ገፋው። ውሃው የፈሰሰበት ጭቃ ላይ ወደቀ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩት፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ሰማያዊውን አንገት፣ ከዚያ ያን መንሽ። ሻምበሉ አላስቆመኝም። በሁለት እጄ ይዤ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ ዝቅ ብዬ ለሚስተር ሰጠኋቸው።

«የአገርዎ ነው» አልኩ። «እዚህ ከሚጉላላ እርስዎ ያስቀምጡት።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ግንባራቸውን አስነኩት።

ፖሊሱ በር ላይ ሲያደርሰኝ የኦቦ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ሌላ ጊዜ እንደማላገኛቸው አውቃለሁ። ዞር ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው።

«ምንድን ነው ያልከው?» አለ ሻምበሉ።

«መርዙ ጉሮሮው ውስጥ ተይዞ እንዴት ይተነፍሳል ነው ያልኩት። እስር ቤት ያሉ ሽማግሌ ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ሻምበሉ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱም መልሱን ለመስማት ወደ ሚስተር ዞረ።

ሚስተር ጫማቸውን በአንድ እጅ፣ ሥዕሉን በደረታቸው ይዘው ቆመዋል። ክፍል ውስጥ ከባድ ቁጥር ሲያስረዱን እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ቀስ እያለ» አሉ በአማርኛ።

ማረፊያ ቤቱ ስገባ ኦቦ «ማልክ?» አሉኝ። አልማልኩም ስላቸው ተቆጡኝ፤ በኦሮምኛ ጅል አሉኝ፣ ደግመው አሉኝ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን ግማሹን አለበሱኝ። የጥያቄያቸውን መልስ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሞከሩት። አየሩን በቀስታ ሳቡ፤ በቀስታ ለቀቁ።

«ይሆናል» አሉ። መሪጌታም ጣዖት መሆኑን እየተናገሩ ሞከሩት።

ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ከወረድኩ በኋላ ኦቦንም መሪጌታንም አላየኋቸውም። ስፈታ ሚስተር የሥራ ዘመናቸውን በሰላም ጨርሰው ከነቤተሰባቸው አገራቸው ገብተው ነበር። ቤታቸው ሌላ ሰው ተከራይቶበታል። በመስኮቱ ውስጥ ሳሎኑን አየሁ፤ ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከቀረው ግድግዳ ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል።

አሁን አርጅቻለሁ። ነቀምቴ ውስጥ ዳገት በበዛበት ሰፈር ስለምኖር ትንፋሽ ያጥረኛል። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ «አባባ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ልጆቼ ደግሞ «እኚያ ሰውዬ እኮ አሁን ማንም አይነካቸውም፤ ስማቸውን ብትጽፈው ምናለበት?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ አንሥቼ ሞክሬያለሁ። ስማቸው እስከ ጉሮሮዬ ይመጣና እዚያው ይቆማል፤ ለምዶበታል። እኔም ቀስ እያልኩ እተነፍሳለሁ።